ጆሮ ሳይመራ ቅኝት መጠበቅ፦ ከኮዬ ፈጬ የልምምድ ማስታወሻ

መስማት ካቆሙ በኋላ መዝፈን ለሚፈልጉ ሰዎች እዚህ ኮዬ ፈጬ የምናካሂደው ልምምድ የትዝታ ቅኝትን አልፎ የባቲ ቅኝት ላይ ደርሷል። የሠራውንም ያልሠራውንም እናካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ስልክ ላይ የሚጫነው ቲዩነር (ኖታው ልክ መሆኑን በመርፌ የሚያሳይ አፕ) ዳኛ እንጂ መሪ አይደለም። መርፌው የሚናገረው ድምፁ ከወጣ በኋላ ነው። እሱን እያዩ የሚዘፍኑ ከሆነ ሁሌም ከታች ተነስተው እየተንሸራተቱ ነው ኖታው ላይ የሚደርሱት፤ የሚሰማ ሰው ይህን ወዲያው ያውቅባችኋል። ስለዚህ አየር ሳቡ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ድምፁን አውጡ፣ አራት ምት ያህል ያዙት፣ ከዚያ ገልጣችሁ እዩ። ከሳታችሁ ድምፁን እየጎተታችሁ አታስተካክሉ። አቁሙና እንደገና ጀምሩ። የጉሮሮው ጡንቻ መልመድ ያለበት አነሳሱን ነው።

ለትዝታ ወንዶች ከዶ 130.8 ኸርዝ (በሰከንድ ይህን ያህል ንዝረት) እንዲነሱ እናደርጋለን፤ ሬ 146.8፣ ሚ 164.8፣ ሶል 196፣ ላ 220 ይሆናል። በኖታዎች መካከል ያለውን ርቀት የምንለካው በሴንት ነው፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ከዶ ወደ ሬ 200፣ ከሬ ወደ ሚ 200፣ ከሚ ወደ ሶል ግን 300 ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀውም እዚችው ላይ ነው። ጡንቻው ሁለት ጊዜ የረገጠውን 200 ይደግምና ፋ ዳይዝ ላይ፣ ማለትም ከሶል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ያርፋል። መፍትሔው ቅኝቱን ከላይ እስከ ታች መደጋገም አይደለም። ሚ እና ሶልን ለብቻቸው አውጥታችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም ሥሩ፣ ቀጥሎ ከዶ በቀጥታ ወደ ሶል ዝለሉ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ሙሉው ቅኝት ተመለሱ። መጀመሪያ 20 ሴንት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መጨነቅ ጉሮሮን ያደርቃል።

ቲዩነሩ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ከኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ትራንስፎርመር ካለ ዝም ባላችሁበት ሰዓት እንኳ ሶል ከ35 ሴንት ትርፍ ጋር ሊያሳይ ይችላል፤ የ50 ኸርዝ መብራት የሚያወጣው 100 ኸርዝ ጉምጉምታ ነው። ስልኩን ወደ አፋችሁ አቅርቡት። ቅላጼ ስትጨምሩ ደግሞ መርፌው ስለሚዘልል አይረዳም፤ ድምፁን በመስመር እየሳለ የሚያሳይ አፕ ይሻላል፤ የቅላጼው መነሻና ማረፊያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ወደ ወለሉ። «ጫማችሁን አውልቁ» የሚለው ምክር ኮንክሪት ላይ እምብዛም አይሠራም። በ2017 የአሜሪካውን የተሰጥዖ ውድድር በአራተኛነት የጨረሰችው፣ መስማት የተሳናት ዘፋኝ ማንዲ ሃርቪ በባዶ እግሯ የምትዘፍነው ንዝረቱን በእግሯ ለመቀበል ነው፤ ወለሉ ካልተንቀጠቀጠ ግን እግርም የሚቀበለው የለም። እኛ የምንሠራው 1.20 በ1.20 ሜትር ጣውላ በሦስት ሞራሌ ላይ መትተን ነው። ስፒከሩ ጣውላው ላይ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ሲሚንቶው ላይ ካስቀመጣችሁት ከንዝረቱ አብዛኛው ይጠፋል። ከሞራሌዎቹ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ብታደርጉ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት አይረበሽም። ካልሲም ይውለቅ።

ከእግር የሚገኘው ግን ምት ነው፤ ቤዝና ከበሮ። ቆዳ ንዝረትን አጥርቶ የሚይዘው 250 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ 1000 ካለፈ ምንም ያህል አይሰማውም። ኖታን ለመለየት የራሳችሁን አጥንት ተጠቀሙ። አፍ ዘግቶ «ምምም» ማለት ከንፈርንና አፍንጫን ያነዝራል። ዝቅ ያለው ድምፅ ደረት ላይ፣ ከፍ ያለው ጉንጭ አጥንትና ግንባር ላይ ይጎላል። ክራር ያለው ሰው ካለ ሳጥኑን ደረታችሁ ላይ አስደግፎ ዶን ይምታላችሁ፤ ካገኘናቸው መንገዶች ሁሉ ይህ ይበልጥብናል፤ መነሻው ኖታ ከመዝፈናችሁ በፊት ሰውነታችሁ ውስጥ ይገባልና።

በጣም ከባዱ ከሙዚቃው እረፍት በኋላ ተመልሶ መግባት ነው። አራት መስመር በትክክል የዘፈነ ሰው ባንዱ ለብቻው ተጫውቶ ሲመልስለት ሌላ ኖታ ላይ ይገባል፤ ጡንቻው ዝም ባለ ቁጥር መነሻውን ይለቃል። በእረፍቱ መጨረሻ ማይኩን ከአፍ አርቆ፣ አፍ ዘግቶ፣ ዶን በቀስታ ማንጎራጎርና ቲዩነሩን አንዴ ማየት ያስፈልጋል። የምቱን መግቢያ ከከበሮ መቺው እጅ አንብቡ። እጁ የሚወርድበትን አትጠብቁ፤ ሲነሳ አየር ሳቡ፤ ያለዚያ ሁሌ ትዘገያላችሁ።

ጩኸትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ራሱን የማይሰማ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ይጨምራል፤ ሲጨምር ኖታው ከፍ ይላል፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ደግሞ ይወርዳል። ስልኩ ላይ የድምፅ መጠን መለኪያ ጭናችሁ በ30 ሳንቲሜትር ገመድ ከአፋችሁ ያለውን ርቀት ጠብቁ። የስልክ ንባብ ትክክለኛ ዴሲቤል ነው ብላችሁ አትመኑ፤ የትናንቱን ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ጉሮሮ ከሻከረ የዚያን ቀን ልምምድ አቁሙ። «ስ» እና «ሽ» ሲደበዝዙ አብሮ የሚሰማ ሰው ይንገራችሁ፤ መዳፍን ከአፍ ፊት አድርጎ ትንፋሹን መቁጠርም ይረዳል።

የተረፈ መስማት ያላችሁ፣ የመስሚያ መሣሪያችሁን ለሙዚቃ የሚሆን ፕሮግራም እንዲያስገባላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ። ለንግግር የተሠራው ፉጨት መከላከያ ረጅም ኖታን እንደ ፉጨት ቆጥሮ ያንቀጠቅጠዋል። ኮክሌር (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚገባ መስሚያ) የተተከለላችሁ ደግሞ ምቱን በደንብ ታገኛላችሁ፤ ኖታውን ግን በሱ አትፍረዱ፣ በአጥንት ፍረዱ። መስማቱ በአንድ ቀን ድንገት የጠፋበት ሰው ካጋጠማችሁ ልምምዱ ይቆይ፤ ያንኑ ዕለት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይጠባል።

አሁን ያለንበት ሜጀር ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ከሚ ወደ ፋ 100 ሴንት ብቻ ስለሆነ ደረት ላይ ልዩነቱ አይለይም፤ ጉንጭ አጥንት ላይ ትንሽ ይሻላል። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት እንዲህ ያለ ጠባብ እርምጃ ሁለት ስላለው መጨረሻ ላይ አቆይተነዋል። ሚ እና ፋን ለብቻቸው አውጥተን እየሠራን ነው፤ በትዝታው የሠራው መንገድ እዚህም ይሠራ እንደሆነ ባቲው ሲያልቅ እንጽፋለን።