አዳራሽ አትጠይቁ

የምታነቡትን መጽሐፍ ይዛችሁ ከሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ለማውራት ካሰባችሁ፣ ከመንግሥት ቢሮ አትጀምሩ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ክረምቱን በኮሪደር ወንበር ላይ አላሳልፈውም ነበር። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሌላው እንዳይደክም ብዬ ነው የምጽፈው።

ሐሳቡን የሰጡኝ መጽሐፍ አዟሪዎች ናቸው። ሥራዬ ለገሃር አካባቢ ስለሆነ ምሳ ሰዓት ላይ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። መጽሐፍ ከሆዳቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው የሚዞሩትን ልጆች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። አንዱ ደንበኛዬ ነው። «ጥሩ መጽሐፍ መጥቷል» ብሎኝ አያውቅም። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ያንን ጨረስሽው?» ብሎ ነው። ከጨረስኩት የቱ ጋ ደስ እንዳለኝ ይጠይቃል። ካልጨረስኩት የቱ ጋ እንደተውኩት ይጠይቃል። ከዚያ ከድርድሩ መሀል አንዷን መዝዞ ይሰጠኛል። ምርጫው ብዙ ጊዜ ልክ ይመጣል። እንደሱ የሚጠይቁኝ ሰዎች ቢበዙልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሰው መሰብሰቡ አላስቸገረም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ መጡ፣ እነሱ ሌሎች ጠሩ፣ ጎረቤታችን ያሉ ጡረታ የወጡ መምህርም ገቡበት። የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ተባለ። «ሁላችንም አንድ መጽሐፍ እናንብብ» የሚለውን ሐሳብ ወዲያው ጣልነው። መጽሐፍ ተወዷል። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። በየወሩ አዲስ ግዙ ማለት ከፊሉን ሰው ውጣ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አሁን እጁ ላይ ያለውን ይዞ ይመጣል።

የቀረው ቦታ ብቻ ነበር።

ከቢሯችን ብዙ የማይርቅ አንድ የሕዝብ አዳራሽ አለ። ስሙን አልጠራም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ሄጄ ጠየቅኩ። ኃላፊው «ደብዳቤ አምጪ» አሉኝ። ጽፌ ወሰድኩ። መዝገብ ቤት ገቢ ተደረገ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ተመራ። የተመራበት ክፍል ደግሞ ወደ ሌላ ክፍል መራው። በመጨረሻ ያው መጀመሪያ ያናገሩኝ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት።

«ከማን ነው የተጻፈው?»

«ከእኔ።»

«ማኅተም የለውም እኮ።»

«ማኅበር አይደለንም። መጽሐፍ የምናነብ ሰዎች ነን። ለሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰን እንሄዳለን።»

«እህቴ፣ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይባልም። ሕጋዊ ሰውነት አውጡና ኑ።»

እሺ ብዬ ስለምዝገባው ጠየቅኩ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ አምስት ሰው ይበቃል ይላል። አምስት ሰው ነበረን፣ ከዚያም በላይ። ግን መተዳደሪያ ደንብ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ አድራሻ አለ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ «አዳራሽ ለማግኘት መመዝገብ አለባችሁ» ተባልኩ፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ «ለመመዝገብ የምትሰበሰቡበት ቦታ አድራሻ ያስፈልጋል» ተባልኩ። ሁለቱም ሰዎች በትሕትና ነው የነገሩኝ። ሁለቱም ደግሞ የሚናገሩት እርስ በርስ እንደሚጣረስ እያወቁ ዝም ብለዋል። የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ሕጉ የወጣው ማኅበር ማቋቋም ለሚፈልግ ሰው ነው። «ምን እያነበብሽ ነው?» ብሎ ለሚጠያየቅ ሰው ማንም ሕግ አላወጣም፣ ሊያወጣም አይገባም።

አለቃዬ አዘኑልኝና በድርጅታችን ስም ደብዳቤ ጻፉልኝ። ክብ ማኅተም፣ ቲተር፣ ፊርማ፣ ሁሉም አለው። አሁንስ ተገላገልኩ ብዬ ይዤው ሄድኩ። ኃላፊው ማኅተሙን አገላብጠው አዩና «ፖሊስ ያውቀዋል?» አሉኝ።

ቤት ሄጄ ሕጉን ፈለግኩ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚናገረው ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ነው። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ የሚባለውም ለዚያ ነው። አትሜ ወሰድኩላቸው። አላነበቡትም። «ሕጉን እኛም እናውቀዋለን» ብለው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖሩት። ትንሽ ቆይተው የሻይ ብርጭቋቸውን እላዩ ላይ አስቀመጡ። የብርጭቆው ክብ እርጥበት ወረቀቱ ላይ ሲሰፋ እያየሁ፣ ቀጥሎ የምናነበውን መጽሐፍ ዝርዝር እንዳመጣ አዘዙኝ። እያንዳንዱ ከአጭር ማብራሪያ ጋር።

ይህንንም አመጣሁ። በእስክሪብቶ ከላይ ወደ ታች እየነኩ ወረዱና ኦሮማይ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ይቅር።»

«ለምን?»

«ፖለቲካ ነው።»

እንግዲህ አስቡት። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል። ደራሲው በዓሉ ግርማ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባርሯል፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። ያንን ያደረገው መንግሥት ከወደቀ ደግሞ ስንት ዘመን ሆነው። መጽሐፉ ዛሬ እዚያው ቢሮ ደጃፍ ላይ፣ አዟሪው እጅ ላይ በግልጽ ይሸጣል። ይህንን ነገርኳቸው። «በሱ ፈንታ የሥነ ልቦና መጽሐፍ አድርጊ። ወጣቱ የሚያስፈልገው እሱ ነው» አሉኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከንዴት ነው። «ኦሮማይ ከቀረ እኛም እንቀራለን» አልኳቸው። ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር አልሰረዝኩም። በዚያ ሁሉ ምልልስ እስካሁን የምኮራበት ነገር ይሄ ነው። ዝም ብለው አዩኝና ግርጌው ላይ «ለአንድ ጊዜ ይፈቀድ» ብለው ፈረሙ።

ቅዳሜው ደረሰ። ዝናብ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው ደግ ሰው ናቸው፣ አፍረው ነው የነገሩኝ፤ «ልጄ፣ አስቸኳይ ስብሰባ አለ ተብሎ አዳራሹ ተይዟል። ትናንት ማታ ነው የተነገረኝ።» የፈቃዱን ወረቀት አሳየኋቸው። አንብበው መለሱልኝ። ምን ያድርጉ? ኃላፊው ጋ ደወልኩ፣ ስልካቸው ዝግ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ እኛ እዚያ በቆየንበት ሰዓት ሁሉ አንድም ሰው አልገባም። ሰዎቼ አጥሩን ተጠግተው ቆመዋል። መምህሩ ከኮተቤ ሁለት ታክሲ ቀይሮ የመጣ የድሮ ተማሪያቸውን አስከትለዋል። የያዙት ፍቅር እስከ መቃብር በፌስታል ተጠቅልሎ ከካፖርታቸው ሥር ነው። ሰኞ ኃላፊውን ሳገኛቸው «የስረዛ ደብዳቤ ሊደርስሽ ይገባ ነበር» አሉኝ። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣቸውም።

የዚያን ቅዳሜ ግን አልተበተንም። ጥግ ላይ ያለች ካፌ ገባን። ባለቤቷን «ብዙ ነን፣ መጽሐፍ ይዘን ልናወራ ነው» ስላት ሁለት ጠረጴዛ ገጠመችልን። በዚህ አለቀ። ማኅተም የጠየቀን የለም። ከምሳ በኋላና ከአሥር ሰዓት በፊት ያለው ጊዜ ካፌ የሚቀዘቅዝበት ስለሆነ ባለቤቶቹም ደስ ይላቸዋል። እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ ሁሉም ቢያንስ አንድ ሻይ ይዘዝ፣ ሙዚቃው እንዲቀነስ ቀድማችሁ ለምኑ፣ ለአስተናጋጇ ደህና ጉርሻ ተዉላት። ፒያሳ የምናውቃቸው ብዙ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። ቢሆንም ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ጸጥ ያለ ጥግ አይጠፋም።

«ቤተ መጻሕፍት ሂዱ» የሚላችሁ ይኖራል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። ለብቻዬ ለማንበብ እሄዳለሁ። ንባብ ክፍል ግን ጸጥታ ይፈልጋል፣ የእኛ ነገር ደግሞ ወሬ ነው። ገበያ ላይ የጠፋ የድሮ መጽሐፍ ስትፈልጉ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር ሂዱ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው።

ስለ አወራሩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርክ ሰው ካለ ቀስ ብላችሁ አቁሙት። እኛ ጋ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ብቻ ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ለማን እንደሚሰጠው፣ ለማን እንደማይሰጠው። ሁለተኛው ይበልጣል። «ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚገባ» የተባለ መጽሐፍ ይዞ የሄደ ሰው አላየሁም። «ለቸኮለ ሰው አይሆንም፣ አንቺ ግን ትወጂዋለሽ» የተባለ መጽሐፍ ግን ያኔውኑ ነው የሚወሰደው። ያልጨረሰ ሰውም ይናገር። የቱ ጋ እንደሰለቸው መስማት ከብዙ ምስጋና ይጠቅማል።

እኔ የምሰጠውንም ልበል። ንባብ ላቆመ ሰው ጦብያን እሰጣለሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አጭር ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትሄደው ልጅ አታስተኛም። አማርኛው መጀመሪያ ላይ ከከበደው ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ይፈታለታል። ፍቅር እስከ መቃብርን ደግሞ «ትምህርት ቤት እያለሁ አውቀዋለሁ» ለሚል ሰው እሰጣለሁ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሰብለወንጌልንና በዛብህን ነው። ጉዱ ካሳን በሠላሳ ዓመታችሁ አንብቡትና እንነጋገር። መጠኑ ካስፈራችሁ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ ጀምሩ፣ ምንም ነውር የለበትም። ኦሮማይን ለጋዜጠኛ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ፣ አለቃውን ለሚፈራ ሰው ሁሉ እሰጣለሁ። ለዚያ ኃላፊም አንድ ቅጂ ብሰጣቸው ደስ ይለኛል። ከልቤ ነው። የመጽሐፉ ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም አስመራ ላይ ያየውን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት ያንን እስክሪብቶ ድጋሚ እንደዚያ የሚያነሱት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ግሩፓችን ውስጥ የመጽሐፍ ፒዲኤፍ የሚለጥፍ ሰው አለ፣ እሰርዘዋለሁ። ይከፋቸዋል። «የሞተ ሰው መጽሐፍ ነው፣ ምን አለበት?» ይሉኛል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት ከሞቱ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ቁጠሩት። ገንዘብ ላጠረው ሰው መዋዋስ አለ። ያዋሳችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከነቀኑ፣ የተዋሰው ራሱ ይፈርም። ጓደኛ ነው ብላችሁ አትተዉት። እኛ ይህን ካደረግን ወዲህ መጽሐፍ ይመለሳል።

አሁን እኔ እጅ ላይ ያለው የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ነው፣ የ1962 ዓ.ም. ሥራ። ቃላቱ ይከብዳል፣ አንዳንዱን ገጽ ሁለቴ ነው የማነበው። መምህሩ የይፋት ሰው ስለሆኑ ያልገባኝን አስምሬ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ለቸኮለ ሰው አልሰጠውም። ያነበባችሁት ካላችሁ ግን ክርክሩ የቱ ጋ እንደያዛችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ገና መሀሉ ላይ ነኝ።