ውኃ እስከ ነፍሴ የደረሰ ሌሊት

እግዚአብሔር ይመስገን! ይህን ስጽፍ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከደሴ በእግር ወረድን። ድሮ ወደ ባሕር ይወስድ የነበረው መንገድ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ከዚያ አሰብ። እኛ ያሰብነው ለባቲ የሰኞ ገበያ መድረስ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ዶሮ መዝለያንና ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ አደርን። ቁልቁለት ጥፍር ይጨርሳል፤ ጥፍርን አሳጥሮ ቆርጦ የጫማ ክር ቁርጭምጭሚት ላይ ካላጠበቁት፣ እግር ወደፊት እየተንሸራተተ ጣት ይጠቁራል። ውኃ ለየራሳችን 5 ሊትር ይዘናል።

እሑድ ማታ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ላይ ተኛን። ጥፋቱ የኛ ነው። ሚያዝያ፣ የበልግ ወር! ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው በከዋክብት ሥር በጎርፍ ይወሰዳል። ቁጥቋጦው ላይ ከወገብ በላይ ጭራሮና ሣር ተንጠልጥሏል፤ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው። አይቼ አለፍኩት።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም ከላይ ጉርምርምታ ሰማሁ። የጭነት መኪና መሰለኝ። ወዲያው ሰው ጮኸ፦ «ውጡ! ውኃ መጣ!» ግመል ጠባቂ አባት ናቸው፤ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ በእሳቸው አፍ ነው የምመርቃቸው። ዳገቱን ያዝኩ። ወንድሜ ለጫማው ተመለሰ። ከፊት የመጣው ውኃ እንኳ አይመስልም፤ የሚንከባለል ግንድና ጭቃ ነው። ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ጣለው፤ እግሩ ድንጋይ መሃል ገብቶ ቀጭ ሲል ሰማሁት። አፌ ላይ የመጣው ዳዊት ብቻ ነበር፦ «አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ»። አባት ዱላቸውን ዘረጉለት። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር!» እያሉ፣ እኔ ወገባቸውን ይዤ፣ አወጣነው።

እግሩን በሁለት እንጨት መሃል አድርገን፣ ከስብራቱ በላይና በታች በነጠላዬ አሰርን። ጣቶቹን አልሸፈንንም፤ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ይላላል። ጎሕ ሲቀድ በአይሱዙው ጭኖ ኮምቦልቻ ያደረሰን ሹፌር፣ ሳንቲም አልተቀበለንም፤ ተባረክ!

ዘጠኝ ወር አልጋና ክራንች።

አልዋሽም፣ እግዚአብሔርን ተጣላሁት። «ከጎርፍ ያወጣኸው ለክራንች ነው?» አልኩት፤ ሦስት እሑድ ቅዳሴ ቀረሁ። አልተቆጣኝም።

በጥምቀት ደሴ ላይ ወንድሜ ያለ ክራንች ታቦት አጀበ። ጠበሉ ሲረጭ ፊቱን አዞረ። «እኔ ድርሻዬን ባቲ መንገድ ላይ ጠግቤያለሁ» አለ። ሰው ሲስቅ እኔ አለቀስኩ።