ባዘቶ

ታኅሣሥ 16፣ ሌሊት

መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት አለፈው። ጋቢ ደርቤ በስልኬ ብርሃን ነው የምጽፈው። ባትሪው 31 ይላል። እስከሚያልቅ ልለፍልፍ።

ዛሬ የፈረንጆቹ ገና ነው። የእኛ ገና ገና ነው፤ 13 ቀን ይቀረዋል። ጾሙን ከያዝን 32ኛ ቀናችን ላይ፣ ሽሯችንን በልተን፣ ትልቋ እህቴ ሳሎን ተኮልኩለን ሰዎች ብስኩት በቅቤ ሲለውሱ ስናይ አመሸን። እትዬ ዘ. «በዓይንም ይገደፋል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። መልስ ግን አልጠበቀችም፣ ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች።

ፊልሙን ታውቁታላችሁ። አይታችሁት ባታውቁም ታውቁታላችሁ። ስልክ ከጆሮዋ የማይወርድ የትልቅ ከተማ ሴት፣ የሟች አያቷን የእንግዳ ማረፊያ ልትሸጥ ወደተወለደችበት ትንሽ ከተማ ትመጣለች። እዚያ የገና ዛፍ የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አንዲት ልጅ የሚያሳድግ፣ ዳማ ዳማ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ አለ። በቃ፣ የቀረውን እናንተው ጨርሱት። ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚሄደው ጽሑፍ ዐረብኛ ነው። አስተርጓሚያችን የትልቋ ልጅ ስትሆን እሷም ደስ ያላትን ብቻ ነው የምትነግረን።

እትዬ ዘ. ትርጉም አላስፈለጋትም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፈረደች። «አያቷ በሕይወት እያለች ድርሽ ያላለች፣ ቤት ሊሸጥ ሲሆን ከተፍ!» ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ብታለቅስ፣ ብትስቅ፣ ያቺን እናት የሌላት ሕፃን ብታቅፍ ይቅርታ አላገኘችም። (የእትዬ ዘ.ንና የወንድሟን የውርስ ነገር የምታውቁ፣ እሷ የምታየው ሌላ ፊልም እንደነበረ ይገባችኋል።) ትልቋ ደግሞ ታለቅሳለች። የጀመረችው ርዕሱ ሲወጣ ነው።

ጋሼ ወ. ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ከጥበቃ ቤት መጥተው በር ላይ ቆመው አዩ። «ይሄን ሁሉ ዛፍ ጨፍጭፈው ነገ ምን ሊውጣቸው ነው?» አሉ። እንደ እኛ ባሕር ዛፍ ተክለውት ነው፣ ሰባት ስምንት ዓመት ጠብቀው ነው የሚቆርጡት አልኳቸው። «አሃ፣ ሰብል ነው እንዲያ ከሆነ» ብለው ተረጋግተው ወጡ። ከሁላችን አስተያየት የእሳቸው ይሻላል። ቢያንስ መልስ ያለው ነገር ጠየቁ።

እኔስ? እኔማ እንደ ልማዴ ሊቅ ሆንኩ። እነዚህ ለቴሌቪዥን ተብለው የሚሠሩ የገና ፊልሞች በሁለት ሦስት ሳምንት ተቀርጸው የሚያልቁ መሆናቸውን፣ ብዙዎቹ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በበጋቸው እንደሚቀረጹ አስረዳሁ። ያ ሁሉ ካፖርትና ሻርፕ በጠራራ ፀሐይ የተለበሰ ነው፤ የሰውዬው ግንባር የሚያብረቀርቀው ፍቅር ይዞት ላይሆን ይችላል አልኩ። ታሪኩ የሚጻፈው ማስታወቂያ በሚገባበት ልክ ተቆራርጦ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሰውን አንጠልጥሎ መሄድ ስላለበት፣ መሳሳሙ እስከ መጨረሻው ይጎተታል አልኩ። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ሆልማርክ እ.ኤ.አ. በ1910 ፖስታ ካርድ በመሸጥ የጀመረ ድርጅት መሆኑን፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በየዓመቱ ገና እስኪደርስ ፊልም እንደሚደረድር ጨመርኩ። ካርዱ መንቀሳቀስ ጀመረ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ማንም አልሰማኝም። ልጅቷ ብቻ ዞር ብላ «በረዶውስ?» አለችኝ።

«ወረቀት ነው። አንዳንዴም አረፋ።»

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሰውን እንዲህ አታይም፤ አስተያየቷ እስካሁን ፊቴ ላይ አለ።

ከዚያ ሁለቱ ዛፉ ሥር ቆመው፣ አፍንጫና አፍንጫቸው ሊነካካ ሁለት ጣት ሲቀረው፣ መብራት ድርግም።

ጨለማው ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን መጨረሻ አወጣ። ትልቋ «አትሸጠውም፣ አትሸጠውም» ትላለች። እትዬ ዘ. «ሸጣዋለች፣ ሰውዬውም ገዥው ራሱ ነው» አለች፤ ይህኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፊልሙ የተሻለ ነው። ቀጥላ ነጠላዋን አጣፋች፣ ደረጃው ላይ የተደረደረውን ጀሪካን በእግሯ እየዳበሰች ስትወርድ ወደ ኋላ ዞራ «ግን በረዶን ምን አድርጎላቸው ነው እንዲህ የሚወዱት?» አለች።

ይኸው ከዚያ ጀምሮ አልተኛሁም።

በረዶ። ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠርም በረዶ ነው፣ እንደ ላባ የሚንሳፈፈውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ። አንድ ስም ለሦስቱም። ሰሜን ተራሮች ላይ የሚጥለውን በዓይናችሁ ካላያችሁ በቀር ሁላችንም የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው። አሁን በመስኮት ባይ፣ ከኮንዶሚኒየሙ አጥር ማዶ ወደ ጣፎ በኩል፣ ቤት ያልተሠራበት ማሳ ላይ የጤፍ ክምር ጠቁሮ ይታየኛል። ባለቤቱ ዛሬ በሰላም የተኛው ታኅሣሥ በረዶ ስለሌለው ነው። ውርጭ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የኔን እግር እንጂ ክምሩን አይነካም።

የደብረ ብርሃኑ ቤት ትዝ አለኝ። አባባ ከሚያስተምርበት ግቢ አጥር የጽድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይመጣል፣ ቆርቆሮ ውስጥ አፈር ሞልቶ ይተክለዋል። ከዚያ ጌጡ የእኛ ፋንታ ነው። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ከመንገድ እንለቅማለን። በረዶው ግን ከእማዬ ሙዳይ ነው። እማዬ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን ነጭ አድርጋ ለጋቢ ታስቀምጠዋለች። እኛ ደግሞ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቀን በጭብጥ በጭብጥ እናወጣና ቅርንጫፉ ላይ እናለብሰዋለን። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ባዘቶ ከበረዶ ይበልጣል፤ አይቀልጥም።

መጣች። ዛፉን አየች፤ ሙዳዩን አየች።

«ምንድነው ይሄ?»

«በረዶ።»

ለጥጡ የምትገርፈን መስሎን ነበር። እሷ ግን አማተበች። «ምን በደልናችሁ ልጆቼ? በረዶ እቤቴ ታስገባላችሁ?» አለች። ከሁለት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ የአጎታችንን ባቄላ አበባው ላይ እንዳለ በሩብ ሰዓት ገለባ አድርጎት የሄደውን ነበር የምታስበው። እኛ ጨርሶ ረስተነው ነበር። አባባ ሳቁን በጋዜጣ ሸፍኖ «ያ ሌላ ነው፣ ይሄ የፈረንጅ በረዶ ነው» አላት። እሷም ትንሽ አሰበችና «የፈረንጅ ከሆነ ይሁን» አለች።

እኛስ ከየት አመጣነው? ቴሌቪዥን አልነበረንም። ለአባባ ከውጭ የመጣ አንድ ካርድ ነበር፣ ጣሪያው ነጭ የሆነ ቤት፣ ነጭ የለበሰ ዛፍ። ማን እንዳተመው አላየሁም። ዛሬ ግን ጥርጣሬ አለኝ።

ገና ሲያልፍ እማዬ ያንን ባዘቶ የጽዱን ቅጠል አንድ በአንድ ለቅማ ፈተለችው። አሁን የለበስኩት ጋቢ ያ ነው ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ትልቋም ታለቅስልኝ ነበር። ግን የመርካቶ ነው። ከዓመት በፊት ተከራክሬ የገዛሁት።

ባትሪው 12 ደርሷል። የትልቋ ፕላስቲክ ዛፍ ጥግ ላይ ራቁቱን ቆሟል፤ ልጅቷ የሚነፋውን በረዶ ግዙልኝ ብላ እምቢ ተብላ አኩርፋ ነው የተኛችው። ጠዋት ስትነሳ አይታ እንድትደነግጥ አስቤ ጥጥ ፍለጋ ቤቱን አተራመስኩት። ባዘቶ የሚባል ነገር በዚህ ቤት የለም። ያገኘሁት የጆሮ ማጽጃ ነው። በረዶ ወረቀት ነው ብዬ ስሰብክ ያመሸሁት ሰው ይኸው ወለል ላይ ተቀምጬ ጫፍ ጫፉን እየላጥኩ ነው።

መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑም ራሱ በራ፤ ሌላ ሴት፣ ሌላ ከተማ፣ ያው በረዶ። አላየሁትም፣ ሥራ ላይ ነኝ። 40 ላጥኩ፣ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ አልሸፈነም። ስንት ያስፈልግ ይሆን?