ፒንሳ ያለው ሰንጢ በመንዝ መንገድ

በጥር ወር የእናቴን ወገኖች ለመጠየቅና እግረ መንገዴን ጓሳን ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ ወጥቼ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ጥቂት ነው፤ ወፍራም ሹራብ፣ ለቤተ ዘመድ የያዝኩት ቡናና ስኳር፣ አንድ ባትሪ። በሱሪዬ ኪስ ደግሞ ላለፉት ስድስት ዓመታት ከእኔ ያልተለየ፣ ሲታጠፍ የመዳፍ ርዝመት ያለው፣ ክብደቱ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ሁለገብ መሣሪያ ነበር። ሲዘረጋ ፒንሳ ይሆናል፤ በፒንሳው ጥርስ ሥር የሽቦ መቁረጫ አለው፤ በሁለቱ እጀታዎቹ ውስጥ ስለት፣ ትንሽ መጋዝ፣ ሞረድ፣ መቀስ፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ሁለት ካቻቢቴዎች ተጣጥፈው ይቀመጣሉ። በከተማ ስውል ብዙውን ጊዜ የማወጣው ካርቶን ለመክፈት ወይም የላላ የበር እጀታ ለማጥበቅ ነው። በዚህ ጉዞ ግን ጋራዥም የዕቃ ሱቅም ሩቅ በሆነበት ቦታ ምን ያህል እንደሚጠቅም በደንብ አየሁ።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነበር። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢና ባና ተከናንቦ ቆሟል። ፈታሹ ኪሴን ዳሰሰና «ይኼ ምንድን ነው፣ ወንድሜ?» አለኝ። አውጥቼ መጀመሪያ ፒንሳውን፣ ቀጥሎም የቀሩትን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ አሳየሁት። «ፒንሳ ያለው ሰንጢ በለኛ!» አለና እስክወርድ ድረስ በሻንጣዬ እንዳስቀምጠው ነግሮኝ አሳለፈኝ። ስሙን ወደድኩት፤ ከዚያ ወዲህ እኔም እንዲሁ እለዋለሁ። ስለት የያዘ መንገደኛ ሳይጠየቅ በፊት ቢያሳይ መልካም ነው፤ በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነም በእጅ ከሚያዘው ሳይሆን ወደ ዕቃ ክፍል ከሚገባው ሻንጣ ውስጥ ሊያኖረው ይገባል፤ አለዚያ በፍተሻ ላይ ይወሰድበታል።

ከደብረ ብርሃን 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣርማ በር ጉም ለብሶ ተቀበለን። ዋናው መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሠሩት ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ የመንዙ መንገድ ግን ከዋሻው በፊት ወደ ግራ ይገነጠላል። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር አስባለሁ፤ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የጣሊያንኛ ናቸው፤ ከመንገዱና ከመኪናው ጋር መጥተው እንደዋሻው እዚሁ ቀርተዋል።

ከጣርማ በር ተገንጥለን አንድ ሰዓት ያህል በጠጠሩ ላይ ስንንገጫገጭ ከቆየን በኋላ ከመኪናዋ ሆድ ሥር መሬት የሚጎተት ብረት ድምፅ ተሰማ። ረዳቱ ወርዶ ተንበርክኮ አየና ማርሚታውን የሚይዘው ማንጠልጠያ እንደተሰበረ ተናገረ። መኪናዋ ክሪክና የጎማ መፍቻ እንጂ ፒንሳ አልነበራትም። ሾፌሩ በገመድ እንሰረው አለ፤ ነገር ግን በጋለ ቱቦ ላይ ገመድ ብዙም ሳይቆይ ተቃጥሎ ይበጠሳል። ደግነቱ ለቤት ሥራ ምስማርና ጥቁር ሽቦ የጫኑ አንድ አባት ከተሳፋሪው መካከል ነበሩ፤ «ከዚህ ላይ ቁረጥ፣ ልጄ» ብለው ጥቅሉን አቀበሉኝ። እኔም ሻንጣዬን አስወርጄ መሣሪያውን አወጣሁ።

ሽቦ ማሰር ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ግን የራሱ ዘዴ አለው። ሁለት ክንድ ያህል ቆርጬ ለሁለት አጠፍኩት፤ የፍሬን ቱቦውንና የመብራት ገመዶቹን እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ በቱቦውና በሻንሲው ዙሪያ አዞርኩት። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በፒንሳው ጨምድጄ ማጠማዘዝ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ያለ ልክ ስላጠበቅሁት ከአንገቱ ላይ ተበጠሰ። በሁለተኛው ላይ ትዕግሥት ጨመርኩ፤ መጀመሪያ ሽቦውን ወደ ራሴ ሳብኩት፣ እየሳብኩም አዞርኩት፣ ጥምዝማዙ ተቀራርቦ ሽቦው መንጣት ሲጀምር አቆምኩ፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር መጨመር ማለት መበጠስ ነውና። ማርሚታ መኪናው ሲሄድ መነቃነቁ ስለማይቀር ትንሽ መላወሻ ተውኩለት። የተረፈውን ጫፍ በመቁረጫው ቆርጬ የሰው እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ቀለበስኩት። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በባዶ እጅ ቢሆን ግን ያንን ጥምዝማዝ ማንም አይሠራውም፤ ጣት ሽቦን ሊያጥፈው ይችላል እንጂ ሊያጠብቀው አይችልም።

ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ራሱ የተወለደው ከመንገድ ላይ ችግር ነው። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1975 ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ ከባለቤቱ ጋር በአንዲት አሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ እየተበላሸች አስቸገረችው፤ በኪሱ ሰንጢ ነበረው፤ የሚያስፈልገው ግን ፒንሳ ነበር። አገሩ ተመልሶ ለዓመታት ሲሞክር ቆየ፤ በ1980 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በ1983 ደግሞ የመጀመሪያው መሣሪያ ለሽያጭ ቀረበ። ከእርሱ በፊት በ1891 የስዊዝ ወታደሮች የያዙት ሰንጢ ስለት፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ጠመንጃቸውን የሚፈቱበት ካቻቢቴ ነበረው፤ ፒንሳ ግን አልነበረውም። እኔም ቀድሞ እንዲህ ያለ ቀይ ሰንጢ ነበረኝ፤ ዳቦና ብርቱካን ሲቆርጥ የሚስተካከለው የለም። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ የነበረው እርሱ ቢሆን ኖሮ ግን ከረዳቱ ጎን ቆሜ ከመመልከት ሌላ የምረዳው አይኖርም ነበር። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ልግዛ የሚለኝን ሰው የስለቱን ብዛት ትተህ መጀመሪያ ፒንሳውን ፈትሽ እለዋለሁ፤ ጥርሶቹ ሲገጥሙ ብርሃን የሚያሳልፉ ከሆነ አይግዛው።

ጓሳ ላይ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ታጥፎ ዋለ፤ መዋልም ነበረበት። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ደጋ ነው፤ ጭላዳው በመንጋ ይግጣል፣ ዕድል የቀናው ደግሞ ቀይ ቀበሮ ያያል። ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበትና ገመድ ከሚገመድበት ሣር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት እየዘጋ፣ በተፈቀደው ጊዜ ብቻ ያጭድ ነበር፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ቢላላም ማኅበረሰቡ ዛሬም ይጠብቀዋል። ስለት በኪስ አለ ተብሎ ለምርኩዝ የሚሆን አስታ መቁረጥ በዚያ ቦታ ነውር ነው። እኔ መሣሪያውን ያወጣሁት የሳርዲን ቆርቆሮ ለመክፈትና የአንድ እረኛ ልጅ ተረከዝ ውስጥ የገባ እሾህ ለመንቀል ብቻ ነበር፤ እሾሁን በፒንሳው ሹል ጫፍ ይዤ በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት፣ ሳይሰበር ወጣ።

አመሻሽ ላይ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለው የእናቴ አጎት ቤት ደረስኩ። አባ ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ቤቱ ጨለማ ነበር። ከጣራው ላይ ካለው ሶላር ወደ መብራቱ የሚወርደው ገመድ በር ሲዘጋ እየተቀረጠፈ ተበጥሶ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ባለቤታቸው እትዬ ነገሩኝ። ባትሪዬን ለልጁ አስይዤ ተቀመጥኩ። የገመዱን ልባስ ለመግፈፍ ስለቱን መጫን አያስፈልግም፤ በአውራ ጣት ደግፎ በዙሪያው ማንከባለል ይበቃል፣ አለዚያ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አብረው ይቆረጣሉ። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ጠምዝዤ፣ እንዳይነካኩ ለየብቻ በፌስታል ቁራጭ ጠቅልዬ በክር አሰርኳቸው። መብራቱ ባለበት ቻርጅ ጥቂት ብልጭ ብሎ ቆመ፤ በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኝ ግን ሙሉውን ማታ በራ። ይህን ያደረግሁት የሶላሩ ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ነው፤ የመሣሪያው እጀታ ራቁቱን ብረት በመሆኑ በቆጣሪ መብራት ገመድ ላይ ፈጽሞ አላሳርፈውም።

በዚያው መሀል አባ መነጽራቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ከጆሮ ላይ የሚውለው አንዱ ዘንግ ብሎኑ ጠፍቶ በክር ታስሯል፤ ዳዊት ሲደግሙ እየወለቀ ያስቸግራቸዋል። ካቻቢቴ ያለ ብሎን ምን ያደርጋል? ከገመዱ ከተረፈው ላይ ሦስት የመዳብ ክሮች መዝዤ በአንድ ገመድኩና በማጠፊያው ቀዳዳ አሳለፍኳቸው፤ በሁለቱም ወገን በፒንሳው ጫፍ ጠፍጠፍ አድርጌ አጠፍኳቸው፤ ሹል የቀረውን በሞረዱ አለሰለስኩት። አባ አድርገውት ራሳቸውን ወደ ታች ዘንበል አደረጉ። አልወለቀም። «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ» ብለው መሣሪያውን ተቀበሉኝና ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ «ይኼስ ቅቤም አይቆርጥ» አሉ። በማግሥቱ ጠዋት በመሳያ ድንጋይ ላይ ውኃ እያርከፈከፉ፣ ስለቱን በዝግታ እያገላበጡ ሳሉልኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስል ሆኖ አያውቅም።

የምትሠራ መሣሪያ እንክብካቤ ትፈልጋለች። የመንዝ አቧራ በማጠፊያዎቹ ውስጥ ገብቶ እየተንቋቋ ስለነበር ከመነሣቴ በፊት በለብ ያለ ውኃና ሳሙና አጥቤ፣ ከፀሐይ አድርቄ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አደረግሁበት። አይዝግም የሚባል ብረት እንኳ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይዝጋል። ሌላው ጥንቃቄ ከዓቅሙ በላይ አለማስገደድ ነው፤ ጠንካራ ብሎን በፒንሳ የሚፈታ ሰው የብሎኑን ጥግ ይፍቃል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መፍቻ ቢመጣም አይዘውም።

ስመለስ በሌላ መኪና ነበር የተሳፈርኩት። መሐል ሜዳ መናኸሪያ ግን ያቺን የመጀመሪያዋን መኪና ቆማ አገኘኋትና ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ማርሚታው በቦታው አለ፣ ሽቦው ግን በአራት ቀን መንገጫገጭ ላልቷል። ሾፌሩ እየተመለከተ ግማሽ ዙር አጠበቅሁለትና ደብረ ብርሃን ሲደርስ ማንጠልጠያውን እንዲያስበይደው ነገርኩት። «ዛሬውኑ፣ ወንድሜ» አለኝ። ከዚያ መሣሪያውን ጠርጌ አጠፍኩና ፍተሻ ሳልደርስ ወደ ሻንጣዬ መለስኩት።