ደመወዝ የሌላቸው አዘጋጆች

ዛሬ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ «ስትሬንጅ ሆራይዘንስ» የተባለውን የሳይንሳዊና የምናባዊ ልቦለድ መጽሔት የቆዩ እትሞች ሳነብ አመሸሁ። ትውልዷ ስሪ ላንካ የሆነው አሜሪካዊት ደራሲ ሜሪ አን ሞሃንራጅ እ.ኤ.አ. በ2000 ስትመሠርተው፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣን ልቦለድ እንደ ቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነበር።

ይበልጥ የገረመኝ ግን አሠራሩ ነው። አዘጋጆቹ ያለ ደመወዝ በበጎ ፈቃድ ይሠራሉ፤ መጽሔቱ በአብዛኛው ከአንባቢያን መዋጮ በሚሰበስበው ገንዘብ ለደራሲያኑ ይከፍላል፤ ጽሑፉን ደግሞ ማንም ሰው በየሳምንቱ በነጻ ያነበዋል። (በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የማየው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ይከፈለዋል፣ ደራሲው ይመሰገናል።) አንድ መጽሔት በዚህ መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ ይዘልቃል ቢሉኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ለብዙ ዓመታት ለሁጎ (በሳይንሳዊና በምናባዊ ልቦለድ ዓለም ታዋቂ ለሆነው) ሽልማት ሲታጭና ሳይቀናው ሲቀር ከቆየ በኋላ፣ በ2024 በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ «ከፊል ሙያዊ» በሚባሉት መጽሔቶች ዘርፍ አሸንፏል። እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ በ2017 የተጀመረውን «ሳሞቫር» የተባለውን እህት መጽሔት አከብራለሁ፤ ከሌሎች ቋንቋዎች የተተረጎሙ ታሪኮችን ሲያወጣ፣ የተጻፉበትን የመጀመሪያ ቋንቋም ከትርጉሙ ጋር አብሮ ለአንባቢ ያቀርባል።