ጎታ፦ የኅቡዓን ወረቀት

ጎታ ላይ ከባቡሩ የወረድነው አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ከፍራንክፈርት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የኅዳር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ከጣቢያው ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደውን አቀበት ስጀምር አራቱ ሌላ አቅጣጫ ያዙና ብቻዬን ቀረሁ።

ጎታን ለማየት የተመኘሁት በአባ ጎርጎርዮስ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) የመካነ ሥላሴው መነኩሴ በ1649 ሮም ውስጥ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ቀዳማዊ ኤርንስት አስጠርቷቸው እዚህ ድረስ መጡ። ሉዶልፍ በኋላ ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም ሆነ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ያለ እሳቸው አይታሰብም። እኔም የእሳቸውን ዱካ ለመከተል ቲኬት ቆርጬ ስለ ከተማዋ ሳነብ፣ ሌላ ሰው መንገድ ላይ ጠለፈኝ። አዳም ቫይስሃውፕት፣ ኢሉሚናቲ የተባለው ኅቡዕ ማኅበር መሥራች፣ 43 ዓመት ጎታ ኖሮ እዚሁ ሞቷል።

ኢሉሚናቲ ሲባል የአገሬ ሰው ምን እንደሚታየው አውቃለሁ። ባለፈው አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ የራይድ ሾፌሩ ከቦሌ እስከ ፒያሳ ስለ ዘፋኞች ጣትና ዶላር ላይ ስላለው ፒራሚድ ሲያስተምረኝ ነው የደረስነው። ፒራሚዱ ሥር የተጻፈው 1776 የአሜሪካ ነፃነት ዓመት ነው ብለው አልተዋጠለትም። እውነቱን ለመናገር ግጥምጥሞሹ ለእሱ ያግዛል፤ ማኅበሩም የተመሠረተው በዚያው ዓመት፣ በሜይ 1 ነው። ቦታው ግን ዋሽንግተን ሳይሆን የባቫሪያዋ ኢንጎልሽታት ናት። መሥራቹም የቤተ ክርስቲያን ሕግ የሚያስተምር የ28 ዓመት ፕሮፌሰር፣ ተከታዮቹም አራት ተማሪዎች ነበሩ።

ቫይስሃውፕትን ከሾፌሩ ፒራሚድ አውርዶ ያሳየኝ ማርቲን ሙልዞ የሚባል የታሪክ ምሁር ነው። ሰውዬውን አግኝቼው አላውቅም፤ መጻሕፍቱን ግን መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ እየተንገዳገድኩ አንብቤያለሁ። በ1959 የተወለደ፣ በፍልስፍና የጀመረ፣ አሜሪካ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ2008 የጎታን የምርምር ማዕከል ሊመራ የመጣ ነው። በ2002 ያወጣውን መጽሐፍ ርዕስ ወደ አማርኛ ብመልሰው "ዘመናዊነት ከኅቡዕ" ይሆናል። ትልልቆቹን ስሞች አይከተልም። የእሱ ሰዎች ማተሚያ ቤት የማይደፍራቸው፣ ጽሑፋቸው በእጅ እየተገለበጠ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ የሚዞር፣ ስማቸውን የማይፈርሙ ናቸው። ሥራው ገልባጩ ማን ነበር፣ ኅዳጉ ላይ የጫረውስ የማን እጅ ነው እያለ መልቀም ነው። በ2012 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዕውቀት በአንድ ቃል ሰየመው፤ እኔ "አፋፍ ላይ ያለ ዕውቀት" እለዋለሁ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው፣ ባለቤቱ ቢታሰር ወይም ቤቱ ቢቃጠል አብሮት የሚጠፋ ዕውቀት ማለት ነው።

ይህን ሳነብ አባ ጎርጎርዮስ ትዝ አሉኝ። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ እስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ የጠየቃቸውን ባይጽፍ ኖሮ ለዚህ ዓለም የነገሩት ሁሉ አብሯቸው ባሕር በገባ ነበር።

የቤተ መንግሥቱ ፓርክ ውስጥ ኩሬ አለ፤ ኩሬው ላይ ደሴት፤ ደሴቱ ላይ ዳግማዊ ኤርንስት ተቀብሯል። እሱም ኢሉሚናቲ ነበር፣ ያውም ገዢ መስፍን! የባቫሪያው ገዢ ልዑል በ1784 እና በ1785 ማኅበሩን ሲያግድ ቫይስሃውፕት መጀመሪያ ወደ ሬገንስቡርግ ሸሸ፤ በ1787 ኤርንስት ጎታ አስጠግቶ ማዕረግና ጡረታ ሰጠው። ደሴቱን ፎቶ ላነሳ ስል አንድ ዳክዬ ከፊቴ አልነቃነቅ አለኝና ተውኩት።

ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት የተጀመረው በ1643፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ሳያልቅ ነው። ስሙ የሰላም ድንጋይ ማለት ሲሆን፣ ከዋናው በር በላይ "ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይበላል" ዓይነት ጽሑፍ ተቀርጿል። አባ ጎርጎርዮስ በመጡ ጊዜ ግንባታው አላለቀም ነበር። ሥሩ ትንሽ ቆሜ አነበብኩት፤ ለምን እንደቆምኩ የአገሬ ሰው አይጠይቀኝም።

ቤተ መጻሕፍቱ በምሥራቁ ክንፍ ነው። የኢሉሚናቲ ሰነድ አያለሁ ብዬ ስጠይቅ የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ፣ መነጽራቸው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት፣ ፈገግ አሉ።

"ትልቁ ክምችት እዚህ የለም፤ በርሊን ነው" አሉኝ። "ግን ሳጥኑ መንገድ ይወድ ስለነበር አይዘኑ።"

ሳጥኑ የሚሉት "የስዊድን ሳጥን" የሚባለውን ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማኅበሩን የመራው ቦደ በ1793 ሲሞት ወረቀቶቹ ዳግማዊ ኤርንስት እጅ ገቡ። መስፍኑ ሲሞት ማንም እንዳያሳትማቸው ወደ ስዊድን ፍሪሜሶኖች ተላኩ። በ1880ዎቹ ወደ ጎታ ተመለሱ፤ ናዚዎች ወረሷቸው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች ወሰዷቸው፤ ቀጥሎ ምሥራቅ ጀርመን፤ አሁን በርሊን ዳህለም በሚገኘው ቤተ መዛግብት ውስጥ ናቸው። ለሕዝብ መጀመሪያ የደረሰው ማስረጃ ደግሞ የወዳጅ ሥራ አይደለም፤ የባቫሪያ ፖሊስ በ1786 የአንድ አባል ቤት በርብሮ ያገኘውን በ1787 መንግሥት ራሱ አሳተመው። ለታሪክ ጸሐፊው በርባሪም ባለውለታ ነው!

ወረቀቶቹ ውስጥ ያለውን ከታተሙት ቅጂዎች ስገልጥ ዋልኩ፤ ሴትዮዋ እየደረደሩ አመጡልኝ። ዓለምን የመግዛት ዕቅድ የሚፈልግ ሰው እዚህ ሥራ ይፈታል። አባሉ በየወሩ ስለ ራሱ፣ ስለሚያነበው፣ ስለ አለቆቹም ቅሬታ በታሸገ ደብዳቤ ሪፖርት ያደርጋል። የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል። የተሰጠውን ርዕስ አንብቦ ድርሰት ያቀርባል። ለሁሉም የኅቡዕ ስም አለው፦ ቫይስሃውፕት ስፓርታከስ፣ በ1780 ገብቶ ማኅበሩን ያስፋፋው ክኒገ ፊሎ፤ ሙኒክ አቴንስ ተብላለች። ስፓርታከስና ፊሎ በሥርዓትና በሥልጣን ተጣልተው ፊሎ በ1784 ለቀቀ። ወሬውን ያገዘፈው ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ በ1797 ባሩኤል የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ የፈረንሳይን አብዮት ያሴሩት እነሱ ናቸው ብሎ ጻፈ። ሾፌሬ ሳያውቀው የባሩኤል ደቀ መዝሙር ነው።

እኔ ግን የባሰ ነገር ነው የታየኝ። የጥናት ክበብ፣ የኅቡዕ ስም፣ ግለ ሂስ፣ የበላይን የማያውቅ ሕዋስ፣ ሳይጀመር የሚነሣ የአመራር ጠብ። ይህን ከየት ነው የማውቀው? ከጋሼ። በ1960ዎቹ (ይሄ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው) ተማሪ ነበር፤ እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ማታ ለባቡር ስጠብቅ ደወልኩለት። ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ስለ ወርኃዊው ሪፖርት ስደርስ ሳቀ።

"እኛም እንደዚያው ነበርን፤ ወረቀት አያልቅብንም ነበር።"

"ታዲያ የት ነው ያለው? የጻፋችሁት?"

"አቃጠልነዋ! በአንድ ሌሊት። እናታችን ምድጃው ላይ ሽሮ ጥዳለች፣ እኔ ከሥር እከታለሁ። ጎረቤት ጭሱ በዛ እንዳይል ሽሮው እስኪያር አላወረደችውም።"

ትንሽ ዝም አልን። ባቡሩ አሥር ደቂቃ ዘግይቷል የሚል ማስታወቂያ ሰማሁ።

"ጋሼ፣ የኅቡዕ ስምህስ ማን ነበር?"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"እንዲሁ፤ ልጽፈው።"

"እሱንስ አልነግርሽም" አለ። "ይልቅ በልተሻል?"