ሰፊ ቤት ለምን «ዋይድ» አይባልም?

ማታ ማታ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ጊዜ የሚወስድብኝ ተማሪው አስቀድሞ አውቀዋለሁ የሚለው ቃል ነው። ሰሞኑን ከዋይድ ጋር ተያይዤ ሰንብቻለሁ። ሁሉም ያውቀዋል፤ መዝገበ ቃላቱ «ሰፊ» ብሎ ይፈታዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ዋይድ ቤት ተከራየሁ»፣ «ዋይድ ጊዜ የለኝም»፣ «አለቃዬ ዋይድ ማብራሪያ ሰጠን» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ይመጣሉ። ሰርዞ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሥራ ውለው፣ ደክመው የሚመጡ ናቸው፤ ለምን እንደተሰረዘባቸው የማወቅ መብት አላቸው። ስለዚህ ለእነርሱ ከመናገሬ በፊት ሐሳቤን እዚህ አጠራለሁ።

የአማርኛው ሰፊ እጅግ ለጋስ ቃል ነው። ቤቱም፣ እርሻውም፣ ጊዜውም፣ ቀሚሱም፣ ውይይቱም ሰፊ ይባላል። ዋይድ ግን በመጀመሪያ የሚለካው ከዚህ ጠርዝ እስከዚያ ጠርዝ ያለውን አግድም ብቻ ነው። ውስጡ እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ ቤት በእንግሊዝኛ ስፔሸስ ወይም በቀላሉ ቢግ ነው፤ እርሻው ላርጅ፣ ቀሚሱ ሉዝ፣ ማብራሪያው ዲቴይልድ ይባላል፤ ለጊዜው ደግሞ ፕሌንቲ አለ። እኛም ብንሆን «የቦታው ስፋት 200 ካሬ ሜትር ነው» ስንል ርዝመቱን በወርዱ አባዝተን ነው። ለአግድሙ ብቻ ወርድ የሚል ቃል አለን፤ ሸማኔውና የጨርቅ ነጋዴው ዘወትር ይጠሩታል። ዋይድን ከሰፊ አላቅቀን ከወርድ ጋር ብናዛምደው ግማሹ ችግር ይቃለላል ብዬ አምናለሁ። መንገዱ 10 ሜትር ዋይድ ነው ማለት ወርዱ 10 ሜትር ነው ማለት ነው፤ በቃ።

ቀሪው ግማሽ ከብሮድ ጋር ነው። እርሱም በመዝገበ ቃላቱ «ሰፊ» ነው! ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቁጥር 13 ላይ ወደ ጥፋት የሚወስደው ደጅ ዋይድ፣ መንገዱ ደግሞ ብሮድ ተብሏል። ደጅ ክፍት ነገር ነው፤ ዓይን የሚያየው በሁለቱ መቃኖች መካከል ያለውን ርቀት ነው። መንገድ ግን እግር የሚያርፍበት የተዘረጋ መሬት ነው። አፍና ዓይን ሲከፈቱ ዋይድ ይሆናሉ፤ ትከሻና ጀርባ ብሮድ ናቸው። ወንዝ ሁለቱንም ይቀበላል፦ ለመሻገር ያሰበ ሰው ዋይድ ይለዋል፤ ዳር ቆሞ የተንጣለለውን ውኃ የሚያደንቅ ብሮድ ሊለው ይችላል። ይህን ያህል ጥንቃቄ በሁለት ትንንሽ ቃላት ውስጥ መኖሩ ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል።

በር ዋይድ ተከፈተ ሲባል አማርኛችን «ወለል ብሎ ተከፈተ» ይላል፤ እዚህ ላይ ሰፊ የሚለውን ቃል የሚፈልግ ተርጓሚ በከንቱ ይደክማል። ብሮድ ከቀን ብርሃን ጋር ሲገናኝም እንዲሁ ነው፤ ሌባው «በጠራራ ፀሐይ» ሰረቀ እንላለን።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተሉ ተማሪዎቼ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። ተጫዋቹ መትቶ ኳሷ ከቋሚው ጎን ስትወጣ አስተላላፊው ዋይድ ይላል፤ ከአግዳሚው በላይ ከሄደች ኦቨር ነው። ግቡ ከቋሚ እስከ ቋሚ 7.32 ሜትር ነው፤ ታዲያ ሰፊው ማን ነው? ኳሷ ናት? ማንም አይደለም። ቃሉ እዚህ ላይ ከዒላማው ርቆ መሄድን ነው የሚናገረው። የጀርመንኛው የሥጋ ዘመዱ ቫይት ዛሬም ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለሩቅ ነው፤ እንግሊዝኛውም ይህን መልኩን ጨርሶ አልጣለውም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይበራል፤ ለዓመታት ሲሰሙት የኖሩት ጩኸት ትርጉም አገኘላቸዋ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ብሮድካስት ነው። ሬዲዮ ከመፈጠሩ በፊት የገበሬ ቃል ነበር፤ ዘርን በእጅ ዘግኖ በማሳው ላይ መበተን ማለት ነው። የጤፍ ገበሬዎቻችን በብተና ሲዘሩ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። በ1920ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሬዲዮ ሰዎች ቃሉን ከማሳው ወሰዱት። እኛም የሬዲዮ ስርጭት ስንል ያው የመሠራጨት ሐሳብ አለበት።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየአደባባዩ የተስተጋባው «ሰፊው ሕዝብ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ብሮድ ነው እንጂ ዋይድ ሆኖ አያውቅም። ምክንያቱን ከደጁና ከመንገዱ ምሳሌ ራሳቸው እንዲያወጡት ልተወው አስቤአለሁ።

የሚቸግረኝ «ሆደ ሰፊ» ነው። ብሮድ ማይንድድ የሚለው ይቀርበዋል እንዳይባል፣ እርሱ የሌላውን አስተሳሰብ ሳይነቅፍ ስለሚያስተናግድ ሰው ይናገራል። ሆደ ሰፊዋ እናት ግን የተበደለችውን ችላ፣ ነገር ሳታበዛ፣ ቤቷን ይዛ የምትኖር ናት። ፔሸንት ብለው ትዕግሥቷን ብቻ ይነግርልኛል፤ ፎርጊቪንግ ብለው ይቅርታዋን ብቻ። ለተማሪዎቼ ሁለቱንም ጎን ለጎን እንዲጽፉ እነግራቸዋለሁ፤ ዋይድንም ብሮድንም ለዚህ ቦታ አይጠቀሙ።